ማስጠንቀቂያችን ተነቧል፤ ለምን አልተሠራበትም? ለባንክ ተቆጣጣሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለባዝል የባንክ ቁጥጥር ኮሚቴ፣
ለአባል አገሮች ማዕከላዊ ባንኮችና የባንክ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣናት፣
በያላችሁበት

ጉዳዩ፦ በተደጋጋሚ የተራዘመውን የካፒታል ደንብና ምላሽ ያላገኙትን የስጋት ማስጠንቀቂያዎች ይመለከታል

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በባንኮች የስጋት ቁጥጥር ክፍል ውስጥ የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። ሥራችን ባንኩ የሚያበድረውን፣ የሚገዛውንና የሚበደረውን እየመዘንን፣ ክፉ ቀን ቢመጣ ምን ያህል ኪሳራ እንደሚሸከም አስልተን ለኃላፊዎችና ለዳይሬክተሮች ቦርድ፣ በእነሱም በኩል ለእናንተ ማቅረብ ነው። የምናቀርበውን አብዛኛውን ጊዜ ደስ ብሎት የሚቀበል የለም። ይህን አውቀን ነው የገባንበት። ልንቀበለው ያልቻልነው ግን ማስጠንቀቂያችንን ሰምቶ ማስፈጸም የሚችለው ብቸኛው አካል፣ ማለትም ተቆጣጣሪው፣ ራሱ በቆረጠው ቀን ላይ ሲያመነታ ማየትን ነው።

በዚህ ደብዳቤ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመጻፍ ያነሣሣን ኮሚቴያችሁ ለአባል አገሮች የሚያወጣው፣ ባንኮች ለኪሳራ መሸፈኛ ምን ያህል የራሳቸውን ገንዘብ (ካፒታል) እንዲይዙ የሚያዘው ደንብ መራዘም ነው። ከ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ በኋላ የጀመራችሁትን ማሻሻያ የመጨረሻ ክፍል በዲሴምበር 2017 አጽድቃችሁ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውል ቀን ቆርጣችሁ ነበር። ወረርሽኙ ሲመጣ አንድ ዓመት ገፋችሁት፤ በዚህ አልተከፋንም፤ ያን ጊዜ የሁሉም እጅ ተይዞ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሆነው ግን በቂ ምክንያት አላገኘንም። ብሪታንያ ቀኑን እየገፋች ወደ ጃንዋሪ 2027 አደረሰችው። የአውሮፓ ኅብረት አብዛኛውን ክፍል በጃንዋሪ 2025 ቢጀምርም፣ ባንኮች ለመነገድ የሚይዟቸውን እንደ ቦንድና አክሲዮን ያሉ ሰነዶች ስጋት የሚለካውን ክፍል ለብቻው ነጥሎ ደጋግሞ አራዘመው። በአሜሪካ በጁላይ 2023 የቀረበው ረቂቅ የትልልቅ ባንኮችን የካፒታል ግዴታ በ16 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርግ ነበር፤ ባንኮቹ በአንድ ድምፅ ከተነሡበት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2024 ጭማሪው ለግዙፎቹ ወደ 9 በመቶ ዝቅ እንዲል ሐሳብ ቀረበ፤ ያም ሳይጸድቅ ዓመቱ አለቀ። ከየአገሩ የሚሰማው ምክንያት ተመሳሳይ ነው፦ ሌላው ሳይጀምር እኛ ብንጀምር ባንኮቻችን ከውድድር ወደ ኋላ ይቀራሉ። ሁሉም ሌላውን ከጠበቀ ማን ይጀምራል?

ደንብ ሲራዘም በባንክ ውስጥ ምን እንደሚከተል እናንተ ከውጭ አታዩትምና እንንገራችሁ። የማስጀመሪያው ቀን ተቆርጦ ሳለ የመረጃ ሥርዓቱን ለማስተካከል በጀት ይፈቀዳል፣ ሰው ይቀጠራል፣ ቦርዱም በየሩብ ዓመቱ ሥራው የት እንደደረሰ ይጠይቃል። ቀኑ ሲገፋ በጀቱ ይታጠፋል፤ የተቀጠሩትም ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራሉ። ለመነገድ በተያዙ ሰነዶች ላይ የሚደርሰውን ኪሳራ የምታሰላ አንዲት ባልደረባችን፣ የአሮጌውን ስሌት ውጤትና የአዲሱን ስሌት ውጤት ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ አድርጋ ለባንኩ የስጋት ኮሚቴ ታቀርብ ነበር። አዲሱ ዓምድ ሁልጊዜ ከፍ ያለ ኪሳራ ያሳያል። መራዘሙ በተሰማ በመጀመሪያው ስብሰባ «ግዴታ ያልሆነ ቁጥር ቦርዱን ያደናግራል» ተባለና ዓምዱ ከሪፖርቱ እንዲወጣ ተወሰነ። ባንኩ የያዛቸው ሰነዶች ያው እንደነበሩ ናቸው፤ ከቦታቸው የተነቃነቀ የለም። የጠፋው ስጋታቸውን የሚያሳየው ዓምድ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ለቦርዱ የሚደርሰው ዝቅተኛው ቁጥር ነው፤ ከቦርዱ አባላትም ስለ ከፍተኛው የጠየቀ አልነበረም።

ባንኮቹ ለማራዘም የሚያነሡትን ክርክር እናውቀዋለን፤ አንዳንዴም እንድናዘጋጀው የምንታዘዘው እኛው ነን። ካፒታል በጨመረ ቁጥር ብድር ይቀንሳል ይላሉ። ካፒታል ግን ካዝና ውስጥ ተቆልፎ የሚቀመጥ ገንዘብ አይደለም። ባንኩ ከሚያበድረው ገንዘብ ውስጥ በብድር ሳይሆን በባለአክሲዮኖች መዋጮ የተሸፈነው ድርሻ ነው። ኪሳራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነካው ይህ ድርሻ ስለሆነ፣ ሲበዛ አስቀማጩና ግብር ከፋዩ ይድናሉ፤ ሲያንስ ኪሳራው ወደ እነሱ ይሻገራል። የአሜሪካው የኢንቨስትመንት ባንክ ሌማን ብራዘርስ በሴፕቴምበር 15 ቀን 2008 ኪሳራውን ከማወጁ በፊት ለእያንዳንዱ ዶላር የባለአክሲዮን ገንዘብ 30 ዶላር ገደማ ሀብት ይዞ ነበር። እንዲህ ባለ ሚዛን ላይ የሀብቱ ዋጋ በመቶ ሦስት ወይም አራት ቢወርድ የባለአክሲዮኑ ገንዘብ አለቀ ማለት ነው። እናንተም ከቀውሱ በኋላ ሀብቱ በስጋቱ ሳይመዘን ከጠቅላላው የሚሰላውን ዝቅተኛ የካፒታል መጠን 3 በመቶ ላይ አስቀመጣችሁት፤ ይህም ከ100 ዶላር ሀብት 97ቱ በሰው ገንዘብ እንዲያዝ መፍቀድ ነው። ለግዙፎቹ ጥቂት ጨምራችሁበታል። ይህ በዛ ተብሎ እንዲቀነስ የሚጠየቅበትን ስሌት እኛ አናውቀውም።

ሁለተኛው ቅሬታችን ባንኮችን በመጠናቸው ብቻ እየለያችሁ፣ ይህኛው ቢወድቅ ሥርዓቱን አያናጋም የምትሉበት አሠራር ነው። በሜይ 2018 በአሜሪካ በወጣ ሕግ ጠበቅ ያለው ቁጥጥር የሚጀምርበት የሀብት መጠን ከ50 ቢሊዮን ወደ 250 ቢሊዮን ዶላር ከፍ ተደረገ፤ ተቆጣጣሪዎቹም በቀጣዩ ዓመት ዝርዝር ደንቦቹን በዚያው መንፈስ አላሏቸው። በ2022 መጨረሻ 209 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሀብት የነበረው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ከዚህ ጣሪያ በታች ስለነበር ለ30 ቀን ጭንቅ የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ እንዲያዝ የሚያዘው የጥሬ ገንዘብ ሽፋን ደንብ አይመለከተውም ነበር። ማርች 10 ቀን 2023 ተዘጋ። ማርች 12 ቀን የአገሪቱ ባለሥልጣናት መላውን ሥርዓት ለሚያሰጋ ሁኔታ ብቻ የተፈቀደውን ልዩ ድንጋጌ ጠቅሰው፣ በመድን ያልተሸፈነው ተቀማጭ ጭምር ሙሉ በሙሉ እንደሚከፈል አወጁ። አንዱ ባንክ ለቁጥጥር ሲሆን ሥርዓቱን የማያሰጋ፣ ለማዳን ሲሆን ደግሞ ሥርዓቱን የሚያናጋ ሆኖ ተቆጠረ። በዚያው ዕለት የተዘጋው ሲግኔቸር ባንክም፣ ሜይ 1 ቀን የወደቀው ፈርስት ሪፐብሊክ ባንክም ከ250 ቢሊዮኑ በታች ነበሩ።

ስጋት የሚዛመተው በግዝፈት ብቻ ሳይሆን በመመሳሰልም ነው። ባንኮች አንድ ዓይነት ሰነድ ከያዙ፣ ገንዘባቸውም ከአንድ ዓይነት አስቀማጭ ከመጣ፣ የአንዱ መውደቅ ለሌላው አስቀማጭ ማስታወቂያ ይሆናል። ይህን ለእናንተ መንገር ሊያስፈልግ ባልተገባ ነበር፤ ኮሚቴያችሁ ራሱ የተወለደው ከአገሩ ግዙፎች ከማይቆጠር አንድ ባንክ ውድቀት ነው። በጁን 26 ቀን 1974 የጀርመኑ ሄርሽታት ባንክ ሲዘጋ፣ ከእሱ ጋር ገንዘብ የመነዘሩ ባንኮች የጀርመን ማርካቸውን አስረክበው ነበር፤ በለውጡ የሚጠብቁት ዶላር ግን ኒው ዮርክ ሳይደርስ ቀረ። ባንኮች እርስ በርሳቸው ለመክፈል ፈሩ። እናንተም በዚያው ዓመት መጨረሻ ተቋቋማችሁ።

ሦስተኛው የፍጥነት ጉዳይ ነው። ከ2008 በኋላ የደነገጋችሁት የጥሬ ገንዘብ ሽፋን መለኪያ፣ ባንኩ ለ30 ቀን የሚቆይ ጭንቅን በእጁ ባለው ጥሬ ገንዘብና በቶሎ በሚሸጥ ሰነድ እንዲወጣው ያስገድዳል። መኖሩ አስፈላጊ ነው፤ በውስጡ ያሉት ግምቶች ግን የተሰፈሩት ሰው በቅርንጫፍ ደጅ ተሰልፎ ገንዘቡን በሚያወጣበት ዘመን ልክ ነው። በመድን የተሸፈነ የተረጋጋ የግለሰቦች ተቀማጭ በጭንቅ ወር ውስጥ 3 ወይም 5 በመቶው ይወጣል ትላላችሁ፤ ከድርጅቶች ተቀማጭ መካከል በመድን ያልተሸፈነውና ለዕለት ሥራቸው የማይፈልጉት ደግሞ 40 በመቶው። በሴፕቴምበር 2007 የብሪታንያው ኖርዘርን ሮክ በተጨነቀ ጊዜ ሰልፉ ለቀናት በየደጁ ታይቶ ነበር፤ ባለሥልጣናቱም መክረው ለመወሰን ጊዜ አገኙ። በማርች 2023 የተገኘ ጊዜ አልነበረም። ማርች 9 ቀን ከሲሊከን ቫሊ ባንክ በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ወጣ፤ ከተቀማጩ አንድ አራተኛ ገደማ መሆኑ ነው። ለማግስቱ ደግሞ 100 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ የማውጫ ትዕዛዝ ይጠብቅ ነበር። ከተቀማጩ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከመድኑ ጣሪያ የሚያልፍ ነበር፤ አስቀማጮቹም በአብዛኛው የሚተዋወቁ፣ በአንድ ዘርፍ የሚሠሩ ድርጅቶች ነበሩ።

ባንኩ ሊያስይዘው የሚችል ሰነድ አጥቶ አልነበረም። ሌላ ቦታ የተቀመጠውን ሰነድ ወደ ማዕከላዊ ባንኩ አዛውሮ በሰዓቱ ብድር ለማግኘት አልተሰናዳም፤ በ2022ም ይህን መንገድ አንድ ጊዜ እንኳ ሞክሮ አላየም። ይህ የካፒታል ወይም የትልቅ ፖሊሲ ጉዳይ አይደለም። ማን ስልክ ይደውላል፣ ማን ይፈርማል፣ የዝውውሩ ሰዓት ስንት ላይ ይዘጋል የሚል የዕለት ሥራ ነው። እኛ በየባንኮቻችን ይህ ሙከራ እንዲደረግ ስንጠይቅ የምናገኘው መልስ «ከማዕከላዊ ባንክ መበደር ገበያውን ያስደነግጣል፤ ሙከራም ቢሆን ወሬ ያስነሣል» የሚል ነው። ተቆጣጣሪው ግዴታ ቢያደርገው ሁሉም ስለሚሞክረው ወሬ የሚነሣበት ባንክ አይኖርም።

ምጣኔዎች ደግሞ ትናንትን እንጂ ነገን አይናገሩም። የስዊዘርላንዱ ባንክ ክሬዲ ስዊስ 2022ን ሲዘጋ በስጋቱ ከተመዘነው ሀብቱ አንጻር ዋናው የካፒታል ምጣኔው 14.1 በመቶ ነበር፤ እናንተ ለክፉ ቀን የሚያዘውን የጥበቃ ክምችት ጨምራችሁ ከምትጠይቁት 7 በመቶ እጥፍ ነው። በዚያው ዓመት የመጨረሻ ሩብ ከ110 ቢሊዮን የስዊዝ ፍራንክ በላይ የደንበኞች ገንዘብ ወጥቶበታል። ማርች 15 ቀን 2023 የስዊዘርላንድ ተቆጣጣሪና ማዕከላዊ ባንክ በጋራ ባወጡት መግለጫ ባንኩ የካፒታልና የጥሬ ገንዘብ ግዴታዎቹን እንደሚያሟላ አስታወቁ። በአራተኛው ቀን፣ ማርች 19፣ በ3 ቢሊዮን ፍራንክ ለተፎካካሪው ለዩቢኤስ እንዲተላለፍ ተወሰነ፤ 16 ቢሊዮን ፍራንክ የሚያህል፣ ባንኩ ሲጨነቅ ኪሳራ እንዲሸከም የተዘጋጀ ልዩ ቦንድ የያዙት ሰዎች ገንዘብም ወደ ዜሮ ወረደ። ሁለቱም ነገር እውነት ነበር፤ ባንኩ ደንቡን ያሟላል፣ ባንኩ ይወድቃል። ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት እንደሆኑ ከማንም በፊት ልትመረምሩ የሚገባችሁ እናንተ ናችሁ።

ከሁሉ በላይ የምንቆጭበት ግን አራተኛው፣ የወለድ ስጋት ነው። ወለድ ሲጨምር፣ ቀደም ሲል በዝቅተኛ ወለድ የተገዛ ቦንድ ዋጋው ይወርዳል። ይህን ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሆኖም አገሮች በራሳቸው ገንዘብ ለሚያወጡት ቦንድ ዜሮ የስጋት ክብደት እንዲሰጡ፣ ማለትም ባንኩ ለእሱ ካፒታል እንዳይጠየቅ፣ ደንባችሁ ይፈቅዳል፤ ባንኩ «እስከ መክፈያው ቀን እይዘዋለሁ» ብሎ ከመዘገበው ደግሞ የዋጋው መውረድ በካፒታሉ ላይ አይታይም። በ2016 የወለድ ስጋትን የሚመለከተውን መመሪያ ስታወጡ በዝቅተኛው የካፒታል ስሌት ውስጥ ከማስገባት ተቆጥባችሁ ለየአገሩ ተቆጣጣሪ ግምገማ ተዋችሁት። ቀጥሎ የሆነውን ሁላችንም አየን። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ፌዴራል ሪዘርቭ በ2022 መጀመሪያ ከዜሮ ጥግ የነበረውን ወለድ ዓመቱ ሳያልቅ ከ4 በመቶ በላይ አደረሰው። ሲሊከን ቫሊ ባንክ ዓመቱን ሲዘጋ እስከ መክፈያ ቀናቸው ይያዛሉ ተብለው የተመዘገቡ የ91 ቢሊዮን ዶላር ሰነዶች ነበሩት፤ በእነሱ ላይ ያልተመዘገበው ኪሳራ 15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲደርስ፣ የባለአክሲዮኖቹ ካፒታል በጠቅላላው 16 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ይህ ምስጢር አልነበረም። በመላ የአሜሪካ ባንኮች ላይ ያለው ተመሳሳይ ኪሳራ በ2022 መጨረሻ 620 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መድረሱን የአገሪቱ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ድርጅት ራሱ ይፋ አድርጎት ነበር።

ፌዴራል ሪዘርቭ በኤፕሪል 28 ቀን 2023 ባወጣው የምርመራ ሪፖርት ውስጥ ለእኛ ከሁሉ የከበደው አንድ ነገር አለ። የባንኩ የወለድ ስጋት መለኪያ የውስጥ ገደቡን በጣሰ ጊዜ ባንኩ ስጋቱን አልቀነሰም፤ ተቀማጩ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል የሚለውን ግምት ለወጠ። ግምቱ ሲለወጥ መለኪያው ተሻሻለ፤ የሰነዶቹ ብዛትም ሆነ የወለዱ ጭማሪ ግን እንዳለ ነበር።

ይህ አሠራር ለሙያችን ሰዎች እንግዳ አይደለም። በስሌት ሠንጠረዡ ውስጥ የተቀማጭ አማካይ የቆይታ ጊዜ የሚጻፍባት አንዲት ሣጥን አለች። በሣጥኗ ሦስት ዓመት ከተጻፈ የወለድ ስጋቱ መስመር ቀይ ይሆናል፤ አምስት ዓመት ከተጻፈ አረንጓዴ። ቁጥሩን ለመለወጥ የሚያስፈልገው የአንድ ኮሚቴ ውሳኔና አጭር የጽሑፍ ማብራሪያ ነው። ማብራሪያው የሚደገፈው ደግሞ ወለድ ዝቅ ብሎ በቆየባቸው ዓመታት በተሰበሰበ መረጃ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት አስቀማጩ ገንዘቡን ወደ ሌላ የሚወስድበት ምክንያት ስላልነበረው ተቀማጩ ሥር የሰደደ ይመስላል። ወለድ ሲጨምር ያው አስቀማጭ የተሻለ ወደሚከፍለው ይሄዳል። ከመካከላችን ይህን ተቃውመው የልዩነት ሐሳባቸውን በቃለ ጉባኤ ያስመዘገቡ አሉ። ቃለ ጉባኤው ለተቆጣጣሪው ተልኳል። እስካሁን «ደርሶናል» ከሚል ማረጋገጫ በቀር የመጣ መልስ የለም።

አምስተኛው ቅሬታችን እንግዲህ ይኸው ነው፦ የታየው ጉድለት እንዲታረም አለመደረጉ። ከላይ የጠቀስነው ሪፖርት እንደሚገልጸው ሲሊከን ቫሊ ባንክ በወደቀበት ጊዜ ተቆጣጣሪዎቹ ጽፈው የሰጡትና ያልተዘጋ 31 የጉድለት ነጥብ ነበረበት፤ ከእኩዮቹ አማካይ ሦስት እጥፍ ነው። ባንኩ በ2022 ለወራት ዋና የስጋት ኃላፊ ሳይኖረው ቆይቷል። ተቆጣጣሪዎቹ አይተዋል፣ ጽፈዋል፤ በቶሎ እንዲታረም ግን አላስገደዱም። ቁጥጥር የሚለካው ጉድለት በማግኘት ብቻ ከሆነ በዚያ ባንክ ሠርቷል ልንል ነው።

ባንኩ ራሱ ማስጠንቀቂያውን ሲገፋ ደግሞ ዋጋውን የሚከፍለው አስጠንቃቂው ነው። በብሪታንያ በኤችቢኦኤስ ባንክ የቁጥጥር ስጋት ኃላፊ የነበሩት ፖል ሙር ባንኩ ሽያጩን ከልክ በላይ እያስሮጠ መሆኑን አስጠንቅቀው ከሥራቸው ተሰናበቱ። ይህንን በፌብሩዋሪ 2009 ለፓርላማው የግምጃ ቤት ኮሚቴ በጽሑፍ ሲያቀርቡ ባንኩ ወድቆ በሎይድስ ተጠቃልሎ፣ የሕዝብ ገንዘብም ገብቶበት ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ምስክርነታቸው የተደመጠው ከኪሳራው በኋላ ነው። በ2012 በአሜሪካው ባንክ በጄፒ ሞርጋን የለንደን የንግድ ክፍል ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ሲደርስ የታወቀው ደግሞ፣ በዓመቱ መጀመሪያ የስጋቱ መለኪያ በአዲስ ስሌት ተተክቶ የሚታየው ስጋት በግማሽ ገደማ መቀነሱ ነው። አዲሱ ስሌት በእጅ በሚገለበጡ ሠንጠረዦች ይሠራ ነበር፤ በውስጡም በአማካይ መካፈል የነበረበት ቁጥር በድምር ተካፍሏል። ገደብ ሲጣስ ስሌቱን መቀየር በትንሹም በትልቁም ባንክ የታየ ነገር ነው፤ ስለዚህም የአንድ ባንክ ጥፋት አድርጋችሁ እንዳታልፉት እንለምናለን። ስማችንን በዚህ ደብዳቤ ሥር ያልጻፍነው የሥራ ውላችን ስለሚከለክለን ነው፤ ውሉን የሚያልፍ ከለላ በሁሉም አገር የለም፤ ባለበትም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሰውየው ሥራውን ካጣ በኋላ ነው።

ስለ ስድስተኛው በአጭሩ እንናገር። ዛሬ ከዓለም የፋይናንስ ሀብት ግማሽ ገደማ የሚገኘው ባንክ ባልሆኑ ተቋማት እጅ ነው፤ እነሱም ከባንኮች ይበደራሉ። በማርች 2021 አርኬጎስ የተባለው የአንድ ባለሀብት የግል ኢንቨስትመንት ድርጅት ሲወድቅ ክሬዲ ስዊስ ብቻውን 5.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ የጃፓኑ ኖሙራ ደግሞ 3 ቢሊዮን የሚጠጋ ዶላር አጡ። እያንዳንዱ አበዳሪ ያየው የራሱን ድርሻ ነው፤ ያው ደንበኛ በዚያው አክሲዮን ላይ ከሌሎቹም ምን ያህል እንደተበደረ የሚያይ አልነበረም። በ1998 ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የተባለው በብድር የሚነግድ የአሜሪካ ፈንድ ሲጨነቅ የኒው ዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ጠርቷቸው 14 ተቋማት 3.6 ቢሊዮን ዶላር ሲያዋጡም ችግሩ ይኸው ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ በሆነ ልዩነት ተመሳሳይ ዓይነት ስውርነት መደገሙ የመረጃ አሰባሰቡ እንዳልተለወጠ ያሳያል። እኛ ከአንድ ባንክ ውስጥ ሆነን ይህን ማየት አንችልም፤ ደንበኛውን ብንጠይቅ ለሌላው አበዳሪ ያለበትን ዕዳ የመንገር ግዴታ የለበትም። ሁሉንም በአንድ ላይ ማየት የምትችሉት እናንተ ብቻ ናችሁ።

በእነዚህ ምክንያቶች የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የመጨረሻው ደንብ ከእንግዲህ በማይገፋ አንድ ቀን በሁሉም አባል አገሮች ሥራ ላይ እንዲውል አድርጉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁሉም ባንኮች የአሮጌውንና የአዲሱን ስሌት ውጤት ጎን ለጎን ለቦርዳቸውና ለእናንተ እንዲያቀርቡ አስገድዱ። ይህ ካፒታል አያስጨምርም፤ የወጣው ዓምድ እንዲመለስ ብቻ ያደርጋል። የሚያራዝም አገርም በመራዘሙ ምክንያት የባንኮቹ ካፒታል ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደቆየ በቁጥር ይፋ ያድርግ።

ጠበቅ ያለ ቁጥጥር የሚያስፈልገውን ባንክ በሀብቱ መጠን ብቻ አትለዩ። በመድን ያልተሸፈነው ተቀማጭ ድርሻ፣ የእድገቱ ፍጥነት፣ የአስቀማጮቹ መመሳሰልና ከሌሎች ባንኮች ጋር የሚጋራው ሰነድ ይቆጠር።

በ30 ቀኑ መለኪያ ላይ የአንድ ቀንና የአንድ ሳምንት መለኪያ ጨምሩበት። ከመድን ጣሪያ በላይ የሆነ ተቀማጭ ያለው ባንክ ሁሉ ለዚያ የሚመጥን ሰነድ አስቀድሞ በማዕከላዊ ባንክ እንዲያስይዝ፣ ብድሩንም በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ በእውነተኛ ገንዘብ እንዲሞክር ግዴታ ይሁን። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው፤ ወጪውም ከሁሉም ያነሰ ነው።

የወለድ ስጋት በዝቅተኛው የካፒታል ስሌት ውስጥ ይግባ። ገደብ ከተጣሰ በኋላ የሚደረግ ማንኛውም የግምት ለውጥ ተቆጣጣሪው መርምሮ በጽሑፍ እስኪፈቅድ ድረስ አይጽና፤ እስከዚያው በአሮጌው ግምት የተገኘው ውጤት ለቦርዱ መቅረቡን ይቀጥል።

ለባንክ የምትሰጡት የጉድለት ነጥብ ሁሉ የማረሚያ ቀን ይኑረው። ቀኑ ካለፈ የትርፍ ክፍፍልና የኃላፊዎች ጉርሻ ወዲያውኑ ይቁም፤ ይህም በተቆጣጣሪው ፈቃድ የሚደረግ ሳይሆን ደንቡ በራሱ የሚያስከትለው ይሁን። በየዓመቱ በየአገሩ ያልተዘጉ ነጥቦች ስንት እንደሆኑ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደቆዩ፣ የባንኮቹ ስም ሳይጠቀስ እንኳ ቢሆን ይታተም።

ዋናው የስጋት ኃላፊ ሲነሣ ባንኩ ምክንያቱን በጽሑፍ ለተቆጣጣሪው ያስረዳ፤ ተቆጣጣሪውም የተነሣውን ሰው ባንኩ በሌለበት ያነጋግር። ቦታው ክፍት የሚቆይበት ጊዜ ገደብ ይኑረው። የልዩነት ሐሳብ ያለበት ቃለ ጉባኤ ሲደርሳችሁ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ስሙ የሚታወቅ ኃላፊ የተቀበለበትን ወይም ያልተቀበለበትን ምክንያት በጽሑፍ ይመልስ። ሐሳባችን ስህተት ሆኖ ከተገኘ ስህተት ነው በሉን፤ ዝምታው ግን በሚቀጥለው ስብሰባ «ተቆጣጣሪው አይቶት አልተቃወመም» እየተባለ ከእኛ ላይ ይጠቀስብናል።

በመጨረሻም ትልልቅ ተበዳሪ ፈንዶች ከየትኛው ባንክ ምን ያህል እንደወሰዱና በምን መያዣ እንደወሰዱ የሚያሳይ፣ ተቆጣጣሪዎች ድንበር ሳይገድባቸው የሚጋሩት የመረጃ ቋት ይቋቋም፤ ጠቅላላ ውጤቱም ለአበዳሪ ባንኮች የስጋት ክፍሎች ይድረስ።

ለእነዚህ ጥያቄዎች የኮሚቴውን መልስ በይፋ እንዲታተም ሆኖ እንጠብቃለን። ዝርዝር ማስረጃ ለመስጠት የምንችል አለን፤ የምንሰጥበት መንገድ ማንነታችንን የሚጠብቅ እንዲሆን አስቀድማችሁ አዘጋጁልን።

ከአክብሮት ጋር፣

በባንኮች የስጋት ቁጥጥር ክፍል የምንሠራ ባለሙያዎች